ዝለያቸው ያልከኝ ገጾች

መስከረም 12

ለአምፖል፣

እንደምን ከረምክ? እኔ ደህና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርግልኝ። ክረምቱ ሲወጣ ሰው ሁሉ ድንገት መስኮቱ ትዝ ይለዋልና መጋረጃ ቤታችን ከጨርቅ ክምር ወዲያ ሰው የማይታይበት ሆኖ ነው የሰነበተው። ቀኑን ሙሉ ሰፍቼ ማታ ቤቴ ስገባ እርሳስ ለማንሳት እንኳ ጣቴ እሺ አይለኝም ነበር።

አዎ፣ «የጨው መጋዘን»ን አግኝቼዋለሁ። ሦስት ሳምንት ሌላ አንባቢ እጅ ላይ ቆይቶ ነው የመጣው። አንባቢው ማን እንደሆነ ባላውቅም ሻይ እየጠጣ የሚያነብ ሰው መሆኑን ገጾቹ ይናገራሉ። እንደ ደንባችን ከገጽ 61 እስከ 70 ያለውን በልብስ መቆንጠጫ ቆንጥጬ ነው የጀመርኩት። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያሉት ጋሽ መነጽር መቆንጠጫውን አይተው «ደግሞ ዛሬ ምን ልታሰጪ ነው?» አሉኝ። ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ልትመልስ ስትመጣ መቆንጠጫ የምትነቅል ሴት አይተው ለምን ብለው አለመጠየቃቸው ጨዋነታቸው ነው።

አስተያየቴን ጠይቀሃል። በልቦለድ ውስጥ ያለች ልብስ ሰፊ ሁሉ ጣቷን ትወጋለች። ይህችኛዋ ሦስት ጊዜ ተወጋች። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሰፍቻለሁ፣ ጣቴን የወጋሁት ቢበዛ አራት ጊዜ ነው፣ እሱንም ሰው ሲያናግረኝ። የደራሲዎቹ ሴቶች ግን ፍቅር በያዛቸው ቁጥር ይደማሉ። ደግሞ ሰውየው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ ያገኛታል። አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ነው እንዴ ያቆማት? ገበያ ሄዳ ቢያጣት ኖሮ ደራሲው ምን ሊያደርግ ነበር? ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን አልዋሽህም፤ አልቅሻለሁ።

ስለ ቤቱም ጠይቀሃል። ደንባችንን ያፈረስከው አንተ ነህ እንግዲህ። ስለ መጽሐፍ እንጂ ስለ ራሳችን አንጽፍም የሚለው ያንተው ሐሳብ ነበር፣ ልክም ነበርክ። ልጃችን ሚጢጢ ካረፈች በኋላ በነበረው ዓመት ስለ ራሳችን አፋችንን በከፈትን ቁጥር ወይ ጠብ ነበር ወይ ለቅሶ። አንተ የዋሻ ቁፋሮው ካምፕ ኤሌክትሪክ ልትሠራ ከሄድክ ወዲህ ነው እንደ ሰው መነጋገር የቻልነው፣ እሱም በልቦለድ። መጀመሪያ አንተ ታነባለህ፣ ልጅ የሚታመምበትንና የሚሞትበትን ገጽ ትነግረኛለህ፣ እኔ እዘለዋለሁ። ለሌላ ሰው ብንነግረው ያበድን ይመስለዋል።

የሚጢጢ ክፍል እንዳለ ነው። ሥራው በሚያዝያ ያልቃል፣ ያኔ መጥቼ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን ብለሃል። እኔም በደብዳቤ የማልጽፈው፣ ፊትህን እያየሁ ብቻ የምነግርህ አንድ ነገር አለኝ። ላንተ ካልነገርኩት ለማንም የምነግረው አይደለም። እስከዚያው መጽሐፋችንን እናንብብ።

መርፌ


ጥቅምት 7

ለመርፌ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። እጄ ድኗል፣ አታስቢ። ሽቦ ነው የላጠኝ እንጂ ኤሌክትሪክ አልያዘኝም። ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ደብዳቤ አይጽፍልሽም።

ስለ ጣት መውጋት ያልሽውን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔም የራሴ ቅሬታ አለኝ። በልቦለድ ውስጥ መብራት የሚጠፋው ሁልጊዜ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲሆኑ ነው። አንዳቸውም ተነስተው ፊውዙን አያዩም። ሻማ ፍለጋ ይሄዳሉ፣ ሻማውም ወዲያው ይገኛል። አንድ ቀን ደራሲ ባገኝ ቤትህ ውስጥ ሻማ የት እንዳለ አሁኑኑ ንገረኝ ነው የምለው።

መጽሐፉን ከየት እንደማገኝ ጠይቀሽኛል። የካምፑ ቤተ መጻሕፍት ማለት ኮንቴይነር ውስጥ ያለ ሦስት መደርደሪያ ነው። ቁልፉን የያዘችው ስቶር ኪፐሯ ናት። ቦት ጫማና ጓንት በምታድልበት መስኮት ልቦለድም ታውሳለች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ቦት ጫማ ጠይቀሽ የለም ስትልሽ መጽሐፍ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ራሷም ታነባለች። የጨው መጋዘኑን መጨረሻ ስነግራት «እኔ ብሆን በሩን አልከፍትለትም ነበር» አለች።

ቀጥሎ «የአክስቴ ጎረቤቶች»ን አውጪ። ከገጽ 88 እስከ 97 ዝለይ። ከዚያ በተረፈ ምንም የለውም፣ ይልቅ ሆድሽን ያምሽ ይሆናል ከሳቅ ብዛት።

እነዚያን ገጾች እንዴት እንደማነባቸው የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ቆሜ ነው የማነባቸው። ሌላውን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ነው የማነበው፤ የልጅ ሳል ወይ ትኩሳት ሲጀምር ግን ተነስቼ ወደ ኮንቴይነሩ በር እሄድና ቆሜ በፍጥነት እጨርሰዋለሁ። ምንም አልሆንም ብዬ አልዋሽሽም። ግን አንዳችን ማንበባችን ካልቀረ እኔ ልሁን።

አምፖል


ኅዳር 9

ለአምፖል፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። በሁለተኛው ደብዳቤህ ተቆጣሽ ወይ ላልከኝ፣ አልተቆጣሁም፣ ለምን እቆጣለሁ? ስለ ስቶሯ ሴትዮ ሁለት ጊዜ ጻፍክልኝ እንጂ ሌላ ምን አደረግክ? ቀልደኛ ሳትሆን አትቀርም። ሰላም በልልኝ፣ በሩን አለመክፈቷን እኔም ወድጄላታለሁ።

«የአክስቴ ጎረቤቶች»ን በአራት ቀን ጨረስኩት። አክስትየዋን ደራሲው ክፉ ሊያደርጋት ብዙ ጣረ፣ አልሆነለትም። ሰው ሁሉ ደረጃ ላይ ሲያወራ በር ከፍታ «ቤት የላችሁም?» የምትለው ነገር እኔን ነው። አንተም ስታነበው እኔን እንዳሰብክ አውቃለሁ፣ ባትጽፈውም። የማልወደው የባሏን ነገር ነው። ሃምሳ ገጽ ሙሉ ሲያኮርፍ ቆይቶ በመጨረሻ አንድ ቃል ሳይናገር አበባ ይዞ ይመጣል። አኩራፊ ባል አበባ አያመጣም። አኩራፊ ባል የተሰበረ ወንበር ነው ሳይነግራት የሚጠግንላት፤ አንተ ታውቀዋለህ።

ገጽ 87 ላይ ከላይ ፎቅ ያለው ልጅ ያስላል። ገጽ 98 ላይ ደረጃው ጸጥ ብሏል። በመካከል ያለውን አላየሁም፣ አንተ አይተህልኛል። እግዜር ይስጥልኝ። በአንድ ጣሪያ ሥር በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንደዚህ ያገዝከኝ ጊዜ የለም ብል አትቀየመኝ።

ሥራ እንዴት ነው ላልከኝ፣ ባለፈው ሳምንት መስኮት ልለካ አንድ ቤት ሄጄ ነበር። ወጣት እናት ናት። ልጇ ቀን እንዲተኛላት ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ ነው የፈለገችው። የልጁን ክፍል ግራ ቀኝ ሳላይ ሜትሬን ብቻ እያየሁ ለካሁ። ስወጣ «ልጅ አለሽ?» አለችኝ። አንድ ሜትር ከሰባ አልኳት። ሴትዮዋ እስካሁን ታስበኝ ይሆናል።

ሌላው ወሬ የአከራያችን ነው። እትዬ የእህታቸውን ልጅ በሚጢጢ ክፍል ላስገባት ወይ ብለው ጠየቁኝ። «አይሆንም፣ ባለቤቴ በሚያዝያ ይመጣል» አልኳቸው። ባለቤቴ ስል አፌን አልያዘኝም። ከተናገርኩት በኋላ ግን ቤት ገብቼ እንደ ልጃገረድ መስታወት አየሁ። ስለዚህ የምትመጣበትን ቀን፣ ባይሆን ሳምንቱን፣ ንገረኝ። የምነግርህን ነገር በአእምሮዬ እያጠናሁት ነው፤ ቀኑን ካወቅኩ ይቀለኛል።

መርፌ


ታኅሣሥ 22

ለመርፌ፣

ይቅርታ፣ ይኼኛው አጭር ነው። ዋሻው ከሁለቱም በኩል ሊገናኝ አርባ ሜትር ቀርቶታል። ወዲህ ያሉት ቆፋሪዎች የወዲያዎቹን ድምፅ መስማት ጀምረዋል፣ ሰው ሁሉ ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣል። በላክኩልሽ ፎቶ ላይ የወፈርኩ የመሰለሽ እውነትሽን ነው። ጤናዬም ደህና ነው።

«ከፌርማታው ወዲያ»ን ጨርሻለሁ። የአውቶቡስ ሾፌሩ ያስቃል። ተሳፋሪዎቹን በስማቸው ሳይሆን በሚወርዱበት ቦታ የሚጠራው ነገር ሁላችንንም አስቆናል። ማለቁን አልፈለግኩም ነበር። የሚዘለል ገጽ የለውም፤ በመቆንጠጫሽ ልብስ አስጪበት።

ስለ ሚያዝያ የጠየቅሽኝን በሚቀጥለው ረጋ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

አምፖል


ጥር 14

ለአምፖል፣

እንደምን አለህ? ደብዳቤህን እስክመልስ ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ታምሜ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው።

ገጽ 143 ላይ የሾፌሩ ልጅ ታመመች። ገጽ 149 ላይ ሞተች። ሴት ልጅ ናት። ትኩሳት ነው። ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ ያደርጉላታል፣ ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይደርቃል።

በምሳ ሰዓት መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የማነበው። በሾፌሩ እየሳቅኩ ነበር፤ ገጹንም የገለበጥኩት እየሳቅኩ ነው። መዝጋት አትችይም ነበር ወይ ትለኝ ይሆናል። አይቻልም፤ ዓይን አንዴ ከጀመረ አይመለስም። እስከ 149 አነበብኩት። ከዚያ ተነስቼ የሆቴሉን መጋረጃ ቆረጥኩና ሃያ ሴንቲ አሳጠርኩት። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ጨርቅ አላበላሸሁም ነበር። አሠሪዬ ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፍተው ፊቴን ሲያዩ «ቤትሽ ሂጂ» ብቻ አሉኝ።

በማግስቱ ጋሽ መነጽር ጋ ሄድኩ። የዚህ መጽሐፍ ሌላ እትም አለ ወይ፣ ገጹ የተለየ፣ ምዕራፍ የጎደለው፣ ብዬ ጠየቅኳቸው። መዝገባቸውን አገላበጡ፣ ለሌላ ቤተ መጻሕፍት ስልክ ደወሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታተመው ልጄ» አሉኝ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

እሳቸው ግን የእናንተን ቅጂ አላዩትም። የካምፕ መጽሐፍ አይደል? ሰው ለምን ለምኑ ገጽ ይቀድዳል፤ ዕቃ ይጠቀልልበታል፣ እሳት ያቀጣጥልበታል። አንተ ጋ ያለው ያ ምዕራፍ የተቀደደበት መሆን አለበት። ምዕራፉ የለም ብለህ ጻፍልኝ። አምንሃለሁ። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልጠይቅህም።

መርፌ


የካቲት 5

ለመርፌ፣

ይህ አራተኛው ወረቀት ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ምዕራፉ አልተቀደደም። መውጫ ከፍተሽልኝ እንደነበር አይቻለሁ፤ አምንሃለሁ ያልሽውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ብዋሽሽ ታምኚኝ ነበር። ያንን እያወቅኩ መዋሸት አቃተኝ።

አንብቤዋለሁ። ተቀምጬ ነው ያነበብኩት፣ ሻይ እየጠጣሁ፣ ጮክ ብዬ። ለስቶር ኪፐሯ ነበር የማነብላት። የሾፌሩ ልጅ ስትሞት አዘንኩ፤ ማንም ሰው በልቦለድ እንደሚያዝነው አዘንኩና ገጹን ገለበጥኩ። ይኼ ለመርፌ አይሆንም አላልኩም። አልተነሳሁም። ደብዳቤሽ መጥቶ 143 የሚለውን ሳይ ወደ መጽሐፉ ተመልሼ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። የሚጢጢ አባት ሆኜ እንዴት እንዳለፍኩት እስካሁን አልገባኝም። ወይም ገብቶኛል፣ መናገሩ ነው ያቃተኝ።

በሰኔ ልጅ ይወለድልኛል። ከእሷው ነው። በሚያዝያ አልመጣም።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፤ ከክረምት ጀምሮ ነው። በነሐሴ ስለ ቤቱ የጠየቅኩሽ ልመለስ አስቤ አልነበረም። የሚጢጢን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጥተሽው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። እንዳለ ነው ስትዪኝ ደብዳቤውን አጥፌ ለሦስት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ከዚያ ስለ ፊውዝና ስለ ሻማ ጻፍኩልሽ። ፈሪ ነኝ፣ አንቺ ይህን ድሮም ታውቂዋለሽ።

ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ ከየቱ እንደምጀምር አላውቅም።

አምፖል


የካቲት 28

ለአምፖል፣

እንኳን ደስ ያለህ ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ። ጽፌዋለሁ፣ እንደተባለ ቁጠረው።

ይህን ነገር በልቦለድ ባነበው ኖሮ ገና ከጥቅምቱ ደብዳቤ ይገባኝ ነበር። ቁልፍ የያዘች ሴት፣ በመስኮት መጽሐፍ የምታቀብል፣ የምትናገረው ሁሉ የሚጻፍላት። ደራሲው አንድም ነገር አልደበቀም። በሌሎቹ መጻሕፍት ላይ ስንት ጊዜ «ይህች ሴት ዓይን የላትም ወይ?» ብዬ ጽፌልሃለሁ፤ አንባቢ ስሆን ብልጥ ነኝ። ለእትዬ ባለቤቴ ይመጣል ብዬ መስታወት ማየቴን አስባለሁና ያንን መስታወት አንስቼ ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ተናድጄብሃለሁ። ናፍቀኸኛልም። ሁለቱም አንድ ላይ መሆን የለባቸውም፣ ግን ሆነዋል።

ልጅ መውለድህ አይደለም ያደማኝ። ተቀምጠህ ማንበብህ ነው። የሚጢጢን ነገር ቆሞ የሚያነብ በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበረኝ።

በአካል እነግርሃለሁ ያልኩህን አሁን እጽፈዋለሁ። የምትመጣበት ሚያዝያ ከሌለ የምጠብቀው የለኝም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አንተ ፈረቃ ላይ ነበርክ። ትኩሳቷ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፣ ጠዋት ሽሮፑን ሰጥቻት ቀለል ያላት መስሎኝ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ልቦለድ እያነበብኩ ነበር። በማግስቱ የሚመለስ ነበር፣ ልጨርሰው ቸኩያለሁ። «እማ፣ ውሃ» አለችኝ። «ቆይ የኔ ልጅ፣ ይህችን ገጽ ልጨርስ» አልኳት። ጨረስኩ። ከጀርባው ግማሽ ገጽ ነበር፣ እሱንም ጨረስኩ። ቀና ስል ዓይኗን ጨፍናለች። ተኝታለች ብዬ ደስ አለኝ። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ ውሃውን አላነሳሁም። ቀጣዩን ምዕራፍ ጀመርኩ፣ እሱንም እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ሃያ ሦስት ገጽ ነው። በየትኛው ገጽ ላይ እንዳለፈች አላውቅም። ለሐኪሙ ተኝታ ነበር አልኩ፣ ላንተም ተኝታ ነበር አልኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ከአንዱ ልቦለድ ወደ ሌላው የምሄደው መጽሐፍ ስለምወድ ይመስልሃል። ማንበብ ባቆም ሰው ለምን ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ነው የቀጠልኩት፣ በኋላ ደግሞ ከአንተ ጋር ያለኝ መንገድ እሱ ብቻ ስለሆነ።

እንድትፈርድብኝ ነበር የምፈልገው። ፊትህን እያየሁ። ከእናቷ ቀጥሎ የሚመለከተው አንተን ብቻ ነው።

መርፌ


መጋቢት 20

ለመርፌ፣

አውቅ ነበር።

ያን ቀን ከሥራ ተጠርቼ ስገባ አንቺ ታቅፈሻት ነበር፣ መጽሐፉ አልጋው ሥር በፊቱ ተደፍቷል። አንቺ መጽሐፍ በፊቱ አትደፊም፤ እኔ ስደፋ ስንት ጊዜ ተቆጥተሽኛል። ምን ስታደርጊ እንደነበር ያኔውኑ ገባኝ። ስለ ውሃው አላውቅም ነበር፣ የቀረውን ግን አውቄያለሁ። ከቀብሩ በኋላ መጽሐፉን ወስጄ የመለስኩት እኔ ነኝ፣ ዓይንሽ እንዳያየው። ጋሽ መነጽር ተቀብለው መዝገባቸው ላይ ሰረዙት።

አሁን የምጽፍልሽን ደግሞ መጻፍ ከነበረብኝ አምስት ዓመት አልፎታል። ወዲያው ይዘናት በሄድንበት ሆስፒታል ያያት ሐኪም አንቺን ሴቶቹ ደግፈውሽ ሲወጡ እኔን ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። «ማጅራት ገትር ነው፤ ጠዋት ይዛችኋት ብትመጡም አናተርፋትም ነበር» አለኝ። ከዚያ ክንዴን ይዞ «እናቷ ያጠፋችው ነገር የለም። ንገራት» አለኝ። ንገራት ብሎኛል፣ መርፌ። አልነገርኩሽም።

ተናድጄብሽ ነበር። ልጄ ስትሞት ልቦለድ ታነብ ነበር እያልኩ በሆዴ ፈረድኩብሽ። የሐኪሙን ቃል ያስቀረሁብሽ ትንሽ ትሠቃይ ብዬ ነው፤ ለማሳመር ብሞክር ሌላ ውሸት ይሆናል። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ቆየሁ። ስትቆይ ስትቆይ ፊትሽን ማየት አቃተኝና የዋሻውን ሥራ አገኘሁ ብዬ ሄድኩ። መፍረዴን ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ማቆሜን ልነግርሽ ግን መጀመሪያ ፈርጄብሽ እንደነበር መናገር ነበረብኝ። እሱ ሲያቅተኝ ገጾቹን እያነበብኩ ዝለያቸው እልሽ ነበር። የምከፍልሽ ዕዳ እሱ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የሐኪሙን ቃል ያኔ ነግሬሽ ቢሆን፣ አንቺም የውሃውን ነግረሽኝ ቢሆን፣ ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ የምንሆን ይመስለኛል። ይህን የምጽፈው ልጅ በሚጠብቅ ሰው እጅ ነው። እዚህ ያለችውን አልተዋትም፣ እሷ ምንም አላጠፋችም። ያንን ቤት ግን አስበዋለሁ።

አምፖል


ሚያዝያ 3

ለአምፖል፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቀኝ።

የሐኪሙን ቃል ወረቀቱ ላይ ጣቴን አድርጌ እንደ ጀማሪ ተማሪ ቃል በቃል አነበብኩት። ቀጥሎ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አላለኝም። አምስት ዓመት ሙሉ የሚያስፈልገኝ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አንተ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ አድሯል። ይቅርታህን ዛሬ ልቀበልህ አልችልም። ነገም እችል እንደሆነ አላውቅም። የሚወለደው ልጅ ግን በሰላም ይምጣ። እናቱም በሰላም ትገላገል። ይህንን ከልቤ ነው የምለው።

ከእንግዲህ ገጽ አትቁጠርልኝ፣ አትጻፍልኝም። የሚመጣውን ሁሉ ራሴ አነበዋለሁ።

ሐኪምህን ከልብ አመሰግነዋለሁ። ግን እሱ አትተርፍም ነበር አለ እንጂ አልጠማትም አላለም። ውሃው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እጄን ብዘረጋ ይደርስ ነበር። ልጄ ተጠምታ ነው የሄደችው።

መርፌ